«ቀበርነው» ያላለው ሰው

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ስትሠራ ዳኞቹም፣ ጠበቆቹም፣ እስረኞቹም የሚጠሯት በአንድ ስም ነበር፤ ቃል በቃል። ተከሳሽ ቢያለቅስ፣ ምስክር ቢሳደብ፣ እሷ የተባለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ታስተላልፋለች። አንድ ቀን አንድ ምስክር ተናዶ ዳኛውን ሰደባቸው። ዳኛው «ምን አለኝ?» ሲሏት ፊቷ ቅጭም እንዳለ «አንተ ደደብ ብሎዎታል» አለቻቸው። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሳቁት አንዱ ራሳቸው ዳኛው ነበሩ።

ጡረታ ስትወጣ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆነላትም። ከወንዙ ማዶ ያለውን አገር ቋንቋ እንደ እሷ አጣርቶ የሚያውቅ ሰው በከተማው በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ የማዶውን ጋዜጣና ሬዲዮ እየተረጎመች የምታወጣበት ጦማር ከፈተች። ስሙንም ያው «ቃል በቃል» አለችው። መጀመሪያ ላይ አንባቢዎቿ ባለቤቷና ሦስት የቀድሞ ባልደረቦቿ ብቻ ነበሩ። ባለቤቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ፖለቲካ እምብዛም አይጥመውም፤ ቢሆንም የጻፈችውን ሁሉ ከማውጣቷ በፊት መነጽሩን አጥልቆ ጮክ ብሎ ያነብላታል። «እኔ የተደናቀፍኩበት ላይ ሌላውም ይደናቀፋል» ይላል።

ከዚያ የማዶው ምርጫ መጣ።

ድምፅ የተሰጠው እሑድ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት የማዶው ፕሬዚዳንት ለአራተኛ ጊዜ አሸነፍኩ አለ። ተቃዋሚዎቹ ቆጠራው ተጭበርብሯል ብለው አደባባይ ወጡ፤ ተኩስ ተከፈተባቸው፤ ሰው ልጁን አዝሎ ወንዙን መሻገር ጀመረ። ረቡዕ ዕለት ደግሞ የዚህኛው አገር ፕሬዚዳንት፣ ሌሎች መሪዎች ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ የእንኳን ደስ አለዎት መልእክት ላኩ። በዚያው ንግግር፣ ምርጫው ሰላማዊና ፍትሐዊ ስለነበረ ማዶ ሰው የሚያሸሽ ነገር የለም፤ ስለዚህ የተሻገሩት ሁሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ወደ መጡበት ይመለሱ የሚል ውሳኔ አስታወቁ።

የጦማሪዎቹ ሰፈር ታመሰ። ግማሹ «ፕሬዚዳንታችን የጎረቤት ሰላም አስቀደሙ» እያለ ሲያጨበጭብ፣ ግማሹ «የሌባ ሚዜ ሆንን» እያለ ይጮኻል። ከጩኸቱ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚሰማው የመሐንዲሱ ነበር። መሐንዲሱ በውሃ መሥመር ዝርጋታ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ አርባ ያልሞላው፣ ምላሱ የተሳለ ሰው ነው። የሚጽፈውን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ያነበዋል። የማዶውን ቋንቋ ግን አንድ ቃል አያውቅም። ስለዚህ ከምርጫው በፊት ጀምሮ ከእሷ ጋር ይሠራሉ፤ እሷ ትተረጉማለች፣ እሱ ያሰራጫል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ አጭር ቪዲዮ ላከላት። አንድ ጎልማሳ የትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሟል። የምርጫ ጣቢያ ጸሐፊ መሆኑን የሚያሳይ ባጅ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰዎች ከበውት «ኮሮጆው የት ገባ?» እያሉ ያፋጥጡታል፤ እሱም እየተርበተበተ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። ቪዲዮው እዚያ ላይ ያልቃል።

«እትዬ፣ ምንድን ነው ያለው? ሌሎች ሊቀድሙን ነው!» አለ መሐንዲሱ ስልኩ ላይ ሆኖ።

ሁለት ጊዜ ሰማችው። ጫጫታው ያስቸግራል፤ ቃሉ ግን ቁልጭ ያለ ነው።

«ኮሮጆውን ቀበርነው ነው ያለው» አለችው።

ባለቤቷ መነጽሩን እስኪያወጣ እንኳ አልጠበቀችም። በሩብ ሰዓት ውስጥ የእሷ ትርጉም በመሐንዲሱ ገጽ ላይ ነበር፤ አርብ ጠዋት የጸሐፊው ፊት በቀይ ተከቦ በየስልኩ ይዞር ጀመር። «ኮሮጆ ቀባሪው» የሚል ስም ወጣለት። ፊቱን የማያውቅ አልቀረም፤ እሱን የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በሩን አንኳኳች።

ልብስ ሰፊዋ ከእነሱ መኖሪያ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ የምትሠራ የማዶ ሰው ናት፤ እዚህ አገር አግብታ መኖር ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሌላ ጊዜ ሳቋ ከደረጃው በታች ቀድሟት ይሰማል። ያን ቀን ግን የመለኪያው ጥብጣብ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ዐይኗ አብጦ ነበር የመጣችው።

«እትዬ፣ በጠዋት በመምጣቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን ይቅርታ አለው? ግቢ። ምን ሆነሽ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ አልገባችም። «ያ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ… ወንድሜ ነው። ደግሞ ቀበርነው አላለም።»

አስተርጓሚዋ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ቃሉን ከተማሪነቷ ጀምሮ ነው የምታውቀው፤ መዝገበ ቃላቱም እንደዚያ ነው የሚለው። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ምስክር ስትሰማ የኖረች ሴት ናትና ማዳመጥን መረጠች።

«የዋና ከተማዎቹ ሲሉት መቅበር ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኛ የወንዝ ዳር ሰዎች ግን እህል ጎተራ ስናስገባ ነው እንደዚያ የምንለው። እናቴ የሠርግ ልብሷን ሳጥን ውስጥ ስታኖር እንደዚያ ነበር የምትለው። ኮሮጆውን ሊያቃጥሉት ሰዎች መጥተው ነበር። በደህና ቦታ አስቀመጥነው ነው ያለው።»

አስተርጓሚዋ እጇን ይዛ አስገባቻት። ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ቃሉን በሌላ ሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንድታስገባላት ጠየቀቻት፤ ስለ እህል፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ወርቅ። ልብስ ሰፊዋ ሦስቱንም ሳታመነታ አለቻቸው። ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ መቅበር አልነበረም።

«ወንድምሽ አሁን የት ነው?»

«ከትናንት ጀምሮ ሱቄ ጓዳ ነው። የተሻገሩት በሰፈሩበት አዳራሽ ውስጥ አርፎ ነበር። ቪዲዮውን ያዩ የገዛ አገሩ ሰዎች ሌባ ብለው ምራቅ ተፍተውበት አባረሩት።»

ጓዳው ከሁለት ሰው በላይ አይችልም። ጫፋቸው ያልታጠፈ ሱሪዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ትኩስ ካውያ ቆሟል። ጸሐፊው የክር ካርቶን ገልብጦ ተቀምጦ ነበር። በቪዲዮው ላይ ከሚታየው ይልቅ አጭር ነው፤ ጢሙ አድጓል።

በራሱ ቋንቋ አናገረችው። «ስለ እርስዎ የተሳሳተውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አያት። «እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«የቤቴን መስኮት ሰብረውታል» አለ። «የሰበሩት የመንግሥት ሰዎች ቢሆኑ አይገርመኝም ነበር። የመረጥኩት ፓርቲ ሰዎች ናቸው። አብሬያቸው ኳስ የተጫወትኩ ሰዎች።»

«ላርመው እፈልጋለሁ። ነገር ግን ኮሮጆውን አስቀምጦት ነበር ብዬ ስጽፍ የማዶው መንግሥት ይሰማል። በሠላሳው ቀን ከተመለሱ ደግሞ…»

«ኮሮጆውን አግኝተው ወስደውታል፤ ያስቀመጥኩት እኔ እንደሆንኩም ያውቃሉ» አላት። «የማያውቁት ሌላ ነው።» ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ ኮቱን አወለቀ። ልብስ ሰፊዋ በትንሽ መቀስ የኮቱን ገበር አንድ ስንዝር ያህል ተረተረችና በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የጣቢያው የውጤት ቅጽ ነበር፤ ቆጠራው እንዳለቀ አምስት ሰዎች የፈረሙበት።

አስተርጓሚዋ ቅጹን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አነበበችው። መራጮች ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። ድምፅ የሰጡ አምስት መቶ አርባ። ለፕሬዚዳንቱ መቶ ሠላሳ አንድ፣ ለተቃዋሚው አራት መቶ ሁለት፣ ዋጋ የሌለው ሰባት። የማዶው ሬዲዮ ግን በዚያው ጣቢያ ፕሬዚዳንቱ አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት ድምፅ አገኙ ብሎ ነበር።

«ሚስቴና ልጆቼ ነገ ረፋዱ ላይ ይሻገራሉ» አለ ጸሐፊው። «እነሱ ከተሻገሩ በኋላ ሁሉንም ይጻፉት። ስሜንም ጨምረው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ባደረግኩት ነገር ቢይዙኝ ይሻለኛል፣ ባላደረግኩት እየተተፋብኝ ከምኖር።»

እሑድ ጠዋት መሐንዲሱ ቤቷ መጣ። ነገሩን በስልክ ነግራው ነበር። ጫማውን በር ላይ እንኳ በወጉ ሳይጠርግ ገባና መቀመጥ አልቻለም፤ ሳሎኑን ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር።

«እትዬ፣ ሊጨርሱን ነው? የሠላሳው ቀን ውሳኔ ይታገድ ብለን ያስገባነው አቤቱታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሰማል። አሁን ተሳስተናል ካልን፣ ያልነውን ሁሉ ውሸት ነው ነው የሚሉን። ከችሎቱ በኋላ ያርሙት። ሁለት ሳምንት ብቻ!»

«ሰውየው ሁለት ሳምንት እንደ ሌባ ይቆይ ነው የምትለኝ?»

«እሱ አንድ ሰው ነው። እዚያ ማዶ የሚሊዮን ሰው ድምፅ ነው የተሰረቀው።»

«ድምፃቸው ከተሰረቀው ከሚሊዮኑ አንዱ እሱ ነው።»

መሐንዲሱ ቆመ። እሷም ተነሥታ ቆመች። «ስማኝ» አለችው ድምፅዋን ሳታነሣ። «ፕሬዚዳንታችንን የምንከሳቸው ያላዩትን ምርጫ ፍትሐዊ ነበር ስላሉ ነው። እኔ ያልተባለውን ተባለ ብዬ፣ መሳሳቴን እያወቅኩ ዝም ካልኩ፣ በምን አፌ ነው የምከሳቸው?»

«ካወጡት ስምዎን ከገጼ አነሣለሁ።»

«አንሣው።»

በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። ባለቤቷ ከመኝታ ቤት ብቅ ብሎ «ይሄ በር ምን አደረገው?» አለ።

ረፋዱ ላይ የጸሐፊው ሚስትና ልጆቹ ተሻገሩ። እርማቱን ጽፋ ለባለቤቷ ሰጠችው። እሱም ሐሙስ ያመለጠውን ለማካካስ ይመስል ከወትሮው በዝግታ፣ እያንዳንዷን ቃል እየረገጠ አነበበላት። የትም አልተደናቀፈም። ሲጨርስ ግን መነጽሩን አወለቀ።

«አንድ ነገር ጎድሎታል።»

«ምን?»

«‹ስህተት ተፈጽሟል› ይላል። ማን ነው የፈጸመው?»

ወረቀቱን ነጥቃ አየችው። እውነቱን ነው። ባላወቀችው መንገድ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሹልክ ብላ ወጥታ ነበር። ሰርዛ «ተሳስቻለሁ» ብላ ጻፈችና እኩለ ቀን ላይ አወጣችው።

ከዚያ በኋላ የወረደባትን መቁጠር አይቻልም። የፕሬዚዳንቱ ደጋፊ ጦማሪዎች ጮቤ ረገጡ። «የማዶው ምርጫ ንጹሕ እንደነበር የተቃዋሚዎቹ አስተርጓሚ ራሷ መሰከረች» ብለው ጻፉ፤ ከእርማቷ ውስጥ እንደዚያ የሚል አንድም መሥመር የለም። የራሷ ወገን ደግሞ ከዳተኛ አላት። «ጃጅታለች» ያለም ነበር፤ «ተገዝታለች» ያለም ነበር። መሐንዲሱ ስሟን አነሣ። ታናሽ እህቷ ደውላ «ማን አስገደደሽ? ዝም ብትዪ ማን ያውቅ ነበር?» አለቻት።

ሰኞን ሙሉ ስልኳን ለባለቤቷ ሰጥታ አልጋ ላይ ዋለች። ሻይ ሲያመጣላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ማክሰኞ ጠዋት ግን ተነሣች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ፍርድ ቤት ስትሄድ የምትለብሰውን ግራጫ ጉርድና ኮት ለበሰች።

«ወዴት ነው?» አላት ባለቤቷ።

«አዳራሹ ጋ። ይቅርታ በጽሑፍ ብቻ አይበቃም።»

ከጸሐፊው ጋር አብረው ገቡ። አዳራሹ የቆየ የስፖርት ማዘውተሪያ ነው፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ በፍራሽ ሆኗል። ሰዎቹ ጸሐፊውን ሲያዩ ማጉረምረም ጀመሩ። እሷ መሐል ላይ ቆመችና በቋንቋቸው፣ በከተማው አነጋገር ሳይሆን ልብስ ሰፊዋ ባስተማረቻት በወንዝ ዳሩ ቃል፣ ሰውየው ምን እንዳለና እሷ ምን እንዳለች አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ቃሉን ስትጠራው ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እህ!» አሉ፤ ሌላው «እኔም መቼ ቀበረ አልኩ!» አለ። በእርግጥ ብሎ ነበር። ቢሆንም ማንም አላስታወሰውም።

ከዚያ የጸሐፊውን ቅጽ አውጥታ አሳየቻቸው። «እንደዚህ ያለ የያዘ አለ?» ብላ ጠየቀች።

አንዲት መምህርት የሕፃኗን መጠቅለያ ፈትታ፣ ከጨርቁ መካከል የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከዚያ አንድ የእርሻ ባለሙያ ከጫማው ውስጥ። እስከ ቀትር ድረስ ሰባት ሆኑ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው አላስተነፍስ አላት። ልብስ ሰፊዋ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ጠዋት ጠዋት ለቀቀችላቸው። አስተርጓሚዋ ትተረጉማለች፣ ጸሐፊው ፊርማ ከፊርማ ያስተያያል፣ ባለቤቷ እያነበበ የሚደናቀፍበትን ያሳያታል። አምስት ፊርማ የሌለውን ቅጽ አትነካም። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ከዚያ አካባቢ የመጣ ሁለት ሰው ካልጠየቀች አትጽፍም። ዘጠኝ ቅጾችን ሳትቀበል ለአምጪዎቻቸው መለሰች። ከእነዚያ አንዱ የማዶውን ፕሬዚዳንት በአንድ ድምፅ ብቻ የሚያስቀር፣ እንዲያው ለዐይን የሚያስጎመጅ ነበር፤ ግን አምስቱም ፊርማ የአንድ እጅ ሥራ ነው። ያመጣው ሰውዬ ተቆጣ። «ለእኛ ነው የሚጠቅመው እኮ!» አለ። «ለዚያ ነው የጠረጠርኩት» አለችው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አርባ አንድ ቅጾች በጦማሯ ላይ ነበሩ። የተሻገሩትን ወክላ የምትከራከረው ጠበቃ ደወለችላትና ምስክር እንድትሆን ጠየቀቻት። ቃል በቃል የምትባለው ሴት በዕድሜዋ ሙሉ የምስክር አፍ ነበረች እንጂ ምስክር ሆና አታውቅም።

ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የመንግሥት ጠበቃው ቀጭን፣ ጨዋ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

«እርስዎ በዚሁ ጉዳይ ላይ ተሳስቻለሁ ብለው በአደባባይ የጻፉት ሴት አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ፍርድ ቤቱ እርስዎን በምን ያምናል?»

«ስህተቴን ከማን ሰሙት?»

ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ። «ምስክር ይመልሳል እንጂ አይጠይቅም። ይህንን ከእኔ በላይ ያውቁታል።»

«ይቅርታ፣ ክብርት ዳኛ።» ወደ ጠበቃው ዞረች። «ከራሴ ነው የሰሙት። ሁለተኛ ስህተት ካለ ደግሞ አርባ አንዱም ቅጾች ከነትርጉማቸው እዚያ አሉ። እኔን ማመን አያስፈልግም። ሌላ አስተርጓሚ አስመጥተው ያስመርምሩኝ።»

ጠበቃው ይህን አልጠበቀም ነበር። ዳኛዋ ግን ጻፉት። ሁለት የቋንቋ መምህራን ተመደቡ፤ አራት ቀን ሙሉ ቅጾቹን አገላብጠው መረመሩ። ያገኙት በአንድ መንደር ስም ላይ የተዛነፈች አንዲት ፊደል ነበር። አስተርጓሚዋ ይህን ስትሰማ ከመደሰት ይልቅ ተናደደች፤ በዚያው ቀን አርማ አወጣችው።

ውሳኔው በሳምንቱ ተነበበ። ፍርድ ቤቱ በሌላ አገር ምርጫ ማን አሸነፈ ብሎ መፍረድ ሥልጣኑ አይደለም አለ። ነገር ግን «ምርጫው ፍትሐዊ ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን ሰውን በጅምላ ለመመለስ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ለየብቻው ይሰማ፤ እስከዚያው የሠላሳው ቀን ትእዛዝ ይታገድ ተባለ። ጸሐፊው ትርጉሙን ከእሷ አፍ ሲሰማ ሚስቱን አቅፎ አለቀሰ።

ፕሬዚዳንቱ በዚያው ቀን በሬዲዮ፣ ፍርድ ቤቱን እንደሚያከብሩ፣ የእንኳን ደስ አለዎቱን መልእክት ግን እንደማያነሡ፣ መንግሥታቸውም ይግባኝ እንደሚል ተናገሩ።

ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ መሐንዲሱ ቆሞ ጠበቃት። ጥቂት ቀን እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስላል።

«እትዬ» አለ፣ ዐይኑን ጫማው ላይ ጥሎ። «ያን ለት የተናገርኩት…»

«ሰምቼሃለሁ። እኔም ጆሮ አለኝ።»

«ውሳኔውን ገጼ ላይ ላወጣው? ከፈቀዱልኝ።»

«ሙሉውን አውጣው። ከላይ እስከ ታች። ‹አሸነፍን› የምትለዋን ግን ተዋት፤ ዳኛዋ አላሉም።»

መሐንዲሱ ፊቱ ቀላ። «ርእሱን ጽፌ ጨርሼ ነበር።»

«ሰርዛት!»

እዚያው ደረጃው ላይ ስልኩን አውጥቶ ሰረዘው። ምን ብሎ እንደሚተካው ሲያስብ ቆየና «‹ትእዛዙ ታገደ› ብል ይሆናል?» አላት። ይሆናል አለችው። ከደረጃው ሲወርዱ ቦርሳዋን ልያዝልዎ ብሎ ተቀበላት፤ እሷም አልከለከለችውም። ይቅር ማለቷን ወይም አለማለቷን ግን በአፏ አልነገረችውም፤ ገና ራሷም አላወቀችውም።

ይግባኙ ለስድስት ሳምንት ተቀጠረ። በማግስቱ ከሰሜን ወረዳዎች የተሻገሩ ሰዎች አሥራ አምስት አዲስ ቅጽ ይዘው መጡ። የመጀመሪያውን ስትዘረጋው ሁለተኛው መሥመር ላይ ያለው ቃል ከዚህ በፊት ያየችው ዓይነት አይደለም። ምን ሊሆን እንደሚችል ግምት መጣባት፤ ጥሩ ግምትም ነበር። አልጻፈችውም።

«ከሰሜን የመጣ ሁለት ሰው ፈልግልኝ» አለችው ጸሐፊውን፤ አሁን አንተ እና አንቺ ተባብለዋል። «የማይተዋወቁ ይሁኑ።»

ጸሐፊው ተነሥቶ ወደ አዳራሹ ሄደ። እሷ ያንን ቅጽ ወደ ጎን አድርጋ ቀጣዩን አነሣች።